የተዋጡት ከዋክብት የአባት ስም

ለአጎቴ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? የዓይንዎ ሞራ እየባሰበት መሄዱን እትዬ በስልክ ነግራኛለች። ይህንንም ደብዳቤ እንደወትሮው እሷ እያነበበችልዎ፣ እርስዎ መስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ላይ እግርዎን ዘርግተው እንደሚያዳምጡ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤን ትንሽ ያመኛል፣ እሱም የወንበር ሥራ ያመጣው ነው። እትዬ፣ አንቺስ እንደምን አለሽ? ደብዳቤው ረዘም ይላልና ውሃ አጠገብሽ አስቀምጪ።

«አጎቴ» ብዬ መጀመሬ ግር ሳይልዎት አይቀርም። ከልጅነቴ ጀምሮ «አባዬ፣ አንተ» ስል ኖሬያለሁና። «እርስዎ» የምለው ክብር ጨምሬልዎት እንዳይመስልዎት፤ ሰው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ይላል። እትዬ፣ ተሳስታ ጽፋ ነው ብለሽ እንዳታስተካክይለት፤ እንዳለ አንብቢው።

ባለፈው ደውለው ያሉኝን ሁሉ አስታውሳለሁ። እሁድ ከሰዓት በቴሌቪዥን እንደምቀርብ ሰምተው ሰፈሩን በሙሉ ጠርተዋል። ጸጉር አስተካካዩ፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ የማዕዘኑ ባለሱቅ ከነሚስቱ፣ ማን ይቀራል። ወንበር ከጎረቤት ተውሰዋል፣ ኮት አሰፍተዋል፣ «ልጄ ኮከብ አገኘች» እያሉ መንገደኛውን ሁሉ ሲያስቆሙ ከርመዋል። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ጋዜጠኛዋ ስትጠይቀኝ ለዚህ ያበቃኝ አባቴ ነው እንድል ለመኑኝ። እኔም የአባቴን ስም ጠርቼ አመሰግናለሁ አልኩዎት። እርስዎም መረቁኝ። ቃሌን አላጥፍም፣ አይስጉ።

እንግዶቹ ፊት እንዳያፍሩ ግን ያገኘሁት ምን እንደሆነ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ አንድ ቀን እንኳ ሥራሽ ምንድን ነው ብለውኝ አያውቁም። ኮከብ አላገኘሁም። ኮከብማ ማንም ቀና ብሎ ያገኛል። ሰው እንደሚመስለውም ሌሊት ሌሊት በቱቦ ሳጮልቅ አላድርም፤ ቀን ቀን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ፣ ሌሎች በለኩት የከዋክብት ፍጥነት ውስጥ ያልተለመደውን ስለቅም እውላለሁ። ከምስር ውስጥ ጠጠር መልቀም ነው ይበሉት።

እኛ ያለንበት ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው፣ እንዲህ የገዘፈው አጠገቡ የነበሩትን ትንንሾች እየዋጠ ነው። ድንክ ጋላክሲዎች እንላቸዋለን። አዋዋጡም በአንድ ጊዜ አይደለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ትንሿን ወደራሱ ይስባታል፣ እሷም ቀረብ ብላ ትዞረዋለች። ለእሱ የቀረበው ጎኗ ከራቀው ጎኗ ይበልጥ ስለሚሳብ ትለጠጣለች፣ ትበጣጠሳለች፣ በመጨረሻም ትልቁን የሚዞር ቀጭን የከዋክብት ጅረት ብቻ ሆና ትቀራለች። ያም ጅረት እየሳሳ ሄዶ ከቤተኞቹ ከዋክብት ጋር ይቀላቀላል። ያኔ ያየ ሰው ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ይላል።

እርስዎም እያሳሳቁ ነው የመጡት። አባቴና እናቴ በአንድ የመኪና አደጋ ያለቁ ጊዜ ሻንጣ አንጠልጥለው ለቅሶ ደረሱ። ለእኔ ከረሜላ አመጡልኝ። «ወንድሜ፣ ጋሻዬ» እያሉ ያለቀሱት ለቅሶ ሰው ሁሉ እስኪያባብልዎት ድረስ ነበር። ከዚያ የአባቴን ልብስ ለበሱ፣ አልጋው ላይ ተኙ፣ የሬዲዮ ጥገና ሱቁን ከፈቱ። ደንበኞች ሬዲዮ ሠሪውን በስሙ እየጠሩ ሲጠይቁ «እኔ ነኝ» ይሉ ነበር፤ አንድ ሽቦ እንኳ በቅጡ መበየድ ሳይችሉ። የማይናገር ሬዲዮ ይዘው የመጡት የማይናገር ሬዲዮ ይዘው ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ቀለም ቀቢ ተጠራና ከሱቁ በር በላይ የነበረው የአባቴ ስም በቡናማ ቀለም ተለቀለቀ።

ትምህርት ቤት ያስመዘገቡኝን ቀን እርስዎ ረስተውት ይሆናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መዝጋቢዋ የአባትሽ ስም ማን ነው አለችኝና ነገርኳት። እርስዎ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን እየቆነጠጡ፣ ከላይ እየሳቁ፣ ልጅ ስለሆነች ይምታታባታል፣ አባቷ እኔ ነኝ አሏት። ቤት ስንገባ የሙት ስም ዳቦ አይጋግርም አሉኝ። በኋላም ያንን ስም ደብተሬ ላይ ጽፌ ሲያገኙት ሽፋኑን ቀደው እሳት ውስጥ ጣሉት፤ ቀበቶዎንም ፈቱ። እትዬ ያኔ አዲስ ሙሽራዎ ነበረች። መሐል ገብታ ዘለፋውንም ዘለበቱንም በእኔ ፈንታ ተቀበለች።

ሰፈሩ ግን አመሰገነዎት። ለወላጅ አልባ ልጅ ስሙን ሰጣት አሉ። እኔም ለምን እንደሰጡኝ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እኔ የእርስዎ ልጅ ከሆንኩ፣ ወንድምዎ ያለ ልጅ ሞተ ማለት ነው። ያለ ልጅ ከሞተ ደግሞ ቤቱም ሱቁም ለወንድሙ ነው። በአንድ ስም አባቴን ሁለተኛ ገደሉት፣ እኔንም ከቤቴ ሳያስወጡ አስወጡኝ።

ስለ ከዋክብቱ ያልጨረስኩት አለ። ትንሿ ጋላክሲ ስትዋጥ ከዋክብቷ አይሰባበሩም። በመካከላቸው ያለው ቦታ እጅግ ሰፊ ስለሆነ እርስ በርስም፣ ከቤተኞቹም ጋር አይጋጩም። የሚፈርሰው አብሮነታቸው ነው። እያንዳንዱ ግን የትውልዱን ምልክት ይዞ ይኖራል። አንዱ አካሄዱ ነው፤ ቤተኛው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲዞር፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በተቃራኒው ይጓዛሉ። ሌላው የተሠሩበት ነገር ነው፤ ከትንሽ ቤት ስለወጡ ብረት ያንሳቸዋል። እኛም ስንት ዓመት ሙሉ የራሳችን ብለን ስንቆጥራቸው የነበሩትን ለቅመን፣ ከአንዲት የተዋጠች ጋላክሲ የቀሩ መሆናቸውን አረጋገጥን። እሁድ የሚወራው ይህ ነው። እንግዶቹ ነገሩ ካልገባቸው፣ ልጅቷ የድሮ ዘረፋ ደረሰችበት ቢሏቸው ይበቃል።

አስቀድሜ የለየኋቸው እኔ ስለነበርኩ ባልደረቦቼ ጅረቱን አንቺ ሰይሚው አሉኝ። የአባቴን ስም ሰጠሁት። እዚህ አልጽፈውም፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ኮትዎን እንደለበሱ ቢሰሙት እመርጣለሁ። ጋዜጠኛዋ እንዳትሳሳት አጠራሩን አለማምጃታለሁ። ያ ቀለም ቀቢ በሕይወት ካለ ይህንንም እንዲቀባው ይላኩት፤ መሰላሉ የሚደርስለት ከሆነ።

የእኔም ስም በፍርድ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ቤቱም የእኔ ሆኗል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ የቤቱን ካርታ ሣጥን ውስጥ ይቆልፉ ነበር። ፍርድ ቤት ግን ሰውም ይሰማል። እሁድ ከፊት ወንበር የሚቀመጠው ጸጉር አስተካካይ፣ አባቴ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጸጉሬን ያስቆርጠኝ እንደነበር መሰከረ። ዳኛው የአንድ ሰው ቃል አይበቃም አሉ። ሁለተኛ ምስክር ቀረቡ። እርስዎ አንድ ማታ «ይህች ልጅ የእኔ ከሆነች ቤቱም የእኔ ነው» ማለትዎን፣ ያሉትም አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ካልሲዎን እያወለቁ መሆኑን ሳይቀር ለዳኛው አስረዱ። ዳኛው ከዚህ በላይ አልጠየቁም።

ሳልጠራ ተፈረደብኝ እንዳይሉ፣ መጥሪያው ሁለት ጊዜ እቤትዎ ደርሶ ፈርመውበታል። የሚያነቡልዎ ሰው የውሃ ሒሳብ ነው ብለውዎት ከሆነ እኔ እሱን አላውቅም።

ይቅር ማለት ነፍስን ያሳርፋል ይላሉ። ዓመታት ሞከርኩት፤ እንቅልፍ አልሰጠኝም። ፍርዱን የሰማሁ ቀን ግን ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተኝቼ ነጋ። ደስ ብሎኛል፤ ደስ እንዳለኝ እንዲያውቁም ፈልጌያለሁ። ደብዳቤው ሐሙስ ደርሶ እስከ እሁድ ጠዋት መሳቢያ ውስጥ የቆየው፣ እንግዶቹን ለመመለስ ጊዜ እንዳያገኙ ነው።

ቤቱ ውስጥ እኔ አልኖርም። ማን እንደሚቀመጥበት፣ ማንስ ሻንጣውን ይዞ እንደመጣ ሻንጣውን ይዞ እንደሚወጣ እንዲወስኑ ለአንድ ሰው ሙሉ ውክልና ሰጥቻለሁ። የሚወሰነውን ሁሉ አስቀድሜ ተቀብያለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው። ዓይንዎ ቢደክም እንኳ ጆሮዎን ይጠብቅልዎ፤ ያንን ስም ገና ብዙ ዓመት ይሰሙታል።

የወንድምዎ ልጅ

እትዬ፣ ከዚህ በታች የጻፍኩት የለም። ወረቀቱን አስቀምጪውና የቀረውን በራስሽ አንደበት ንገሪው።