ስለ ትንሿ ጠብታ ለቀበሌያችን ሊቀመንበር

ልደታ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ወልደአማኑኤል፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ቀበሌው ድምፅ ማጉያ የማይደክም ይሁንልኝ። እኔ የፊዚክስ መምህሩ የኃይለመለኮት ታላቅ እኅት ሠርካዲስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። እሱን ግን ሰኔ ሃያ ቀን ጥበቃዎችዎ ከነደብተሩ ወስደው በቀበሌው እስር ቤት ስላስቀመጡልኝ፣ ስለ ውለታዎ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

፩ኛ፦ ደብተሩን በማንበብ ስለደከሙ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ትጉህ አንባቢ ወንድሜ ከተማሪዎቹም አላገኘም። «እጅግ ያነሰውን የትልቁ ሕግ አይገዛውም» የሚለውን በቀይ አስምረው፣ ሕዝብን ለዐመፅ የሚጠራ ነው ብለው በስብሰባ አስረዱን። የኔ ጌታ፣ ነገሩ ስለ ውኃ ነበር። ውኃ ገጹን እንደ ስስ ቆዳ የሚወጥርበት ኃይል አለው፤ ጠብታ የሚድቦለቦለው፣ ትንኝም ሳትሰጥም የምትቆመው በዚያ ነው። ይህ ኃይል በባልዲም በጠብታም ያው ነው። ጠብታዋ የሚሊሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ እስክታክል ስታንስ ግን ቅንጣቶቿ ሁሉ ለማለት ይቻላል ዳር ላይ ይቀሩና፣ የሚስባቸው ጎረቤት ያጥራቸዋል፤ ያ ቆዳም ይላላል። ይህን ለእኔ ለማስረዳት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጅቶበታል። እርስዎም ቢጠይቁት ኖሮ፣ ምስኪን፣ ደስ እያለው ያስረዳዎ ነበር።

፪ኛ፦ በደብተሩ የተሣሉት ክቦች ጠብታዎች እንጂ የስውር ስብሰባ ቦታዎች አይደሉም ለማለት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ብመጣ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ለጠፍኩት።

፫ኛ፦ ስለ ምግቡ። በየቀኑ ምሳውን ሳደርስ ጥበቃዎችዎ ተቀብለው ሳህኑን ባዶውን ይመልሱልኛል፤ በደንብ እየበላ ነው ይሉኛል። ነሐሴ ሲገባ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። ኃይለመለኮት ፍልሰታን ሽሮ አያውቅም፤ ታሞ እንኳ ወተት አይቀምስም። ባለፈው ረቡዕ፣ ልደታ ማርያም ይቅር ትበለኝና፣ ጎረቤት እንዳይሸተው በሬን ዘግቼ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ሳህኑ ተጠርጎ ተመለሰ። በደንብ በላ አሉኝ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ ከእንግዲህ ይፍቱልኝ አልልም። የት እንደጣሉት ብቻ ይንገሩኝና እርሜን ላውጣ።

ጊዜዎን በመሻማቴ እያፈርኩ፣ በእርስዎ ዘመን በሕይወት በመቆየቴም ከልብ እየተደነቅሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበትዎታለሁ፤

ሠርካዲስ

ማሳሰቢያ፦ ለጥበቃዎችዎ ወጡ ጨው በዝቶባቸው እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ስሠራው እያለቀስኩ ነበር።