የሐምሌ ሠላሳዋ ሚዳቋ

ይድረስ ለሙላት፣ ለትርሓስ አባት፤

ደብዳቤ ሲጻፍ ጤና መጠየቅ ይቀድማል። አንተን ስለ ጤናህ መጠየቅ ስለማይሆንልኝ የእኔን ብቻ ልንገርህ፤ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ከተለያየን ሦስት ክረምት አለፈ፣ ይህ አራተኛው ነው። ዛሬ ሐምሌ ሠላሳ ነው፤ ነገ ፍልሰታ ይገባል። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ይዘንባል፤ ቆርቆሮው አላስወራ ሲለኝ መጻፍ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሓድነት ሰፈር ያለውን የእንጨት ሥራ ቤትህን የአሉሚኒየም በር የሚሠራ ሰው ተከራይቶታል። ጨዋ ሰው ነው፤ መጋዙ ግን ከአንተ መጋዝ የባሰ ይጮኻል። ትርሓስ እዚሁ መቐለ፣ ዓይደር ሰፈር አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተቀጥራለች። ዘንድሮ አዲስ በመጣው በሽታ ምክንያት ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ነው የሚሄደው፤ ሮማናት አደባባይ ላይ የማውቀውን ሰው ሳልለየው እያለፍኩ ስንቱን አስቀየምኩ። ቀስትህ ከአልጋው በላይ እንደተሰቀለ ነው፣ ጅማቱ ተፈትቶ። ታስሮ የከረመ ቀስት ጉልበቱን ይጨርሳል ትል ነበር፤ አልረሳሁም።

እኔ ደግሞ አንባቢ ሆኛለሁ። ቫርኒሽ ወለሉን እንዳያበላሽ የምታነጥፋቸውን ጋዜጦች እያየሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል እንደለየሁ ታውቃለህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስን ከመጀመሪያው ያዝኩ። ኦሪት ዘዳግም ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሚዳቋ ይበላል የሚለውና ሞቶ የተገኘ አይበላም የሚለው እዚያው አንድ ምዕራፍ ላይ ነው። መጽሐፉን ከድኜ አንድ ወር ሙሉ አልከፈትኩትም።

የዚያን ቀን ነገር ነው። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ ወላጆቼ አገር ሄደን፣ ወደ ዓፋር ከሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ባለው የጥድ ጫካ። ቀስት መወርወር መተከል ውስጥ አብረውህ ካደጉ ልጆች የተማርከው ነበር፤ አባቴ አቦይ ሐጎስ ግን ከጠመንጃ ሌላ መሣሪያ አይቆጥሩም። ሦስት ቀን ባዶ እጃችንን ስንመለስ በየማታው እጅህን እያዩ፣ «አማቼ፣ ይቺ ነገር ለሚዳቋ ናት ወይስ ከማሽላ ላይ ወፍ ለማባረር?» ይሉሃል። ወንድሜ ደግሞ፣ «ሴት አስከትሎ የሚያድን ሚዳቋዋን ሊያጫት ነው እንዴ?» ይላል። አንተ ትስቃለህ። እኔ ነኝ የምናደደው። መንገዱን የማውቀው እኔ ስለሆንኩና ወንዶቹ አረም ላይ ስለነበሩ አብሬህ የምወጣው እኔ ነበርኩ።

አራተኛው ቀን ሐምሌ ሠላሳ ሆነ። በማግስቱ ጾም ይገባል፤ አቦይ ጎረቤቶቻቸውን ለቅበላ ጠርተዋል። ያን ቀን ካልሆነ አይሆንም ነበር።

ሕግህን አውቀው ነበር። ከዝናብ በኋላ ጥሩ ነው፤ ቅጠሉ ስለሚርስ እግር አይሰማም። ዝናብ ውስጥ ግን ፍላጻ አይለቀቅም። ጅማቱ ውሃ ይጠጣና ይረግባል፤ የተመታው አውሬ ደሙ ታጥቦ ዱካው ይጠፋል። ለዚህ ነበር ጅማቱን ፈትተህ ከባርኔጣህ ሥር የምትሸሽገው።

ሚዳቋዋን ስናያት ካፊያ ጀምሮ ነበር። ጥድ ሥር ቆማ ጆሮዋን ታራግፋለች። ጅማቱን አስረህ ደገንክና ወደ ሰማይ አይተህ ቀስቱን ዝቅ አደረግከው። እኔ ከኋላህ ሆኜ፣ «ምታት፤ ለአቦይ ምን ልንላቸው ነው?» አልኩህ። ዞረህ አየኸኝ። ከዚያ ለቀቅከው። ፍላጻው ወደ ኋላ ሆዷ ላይ ገባ፤ ሮጠች። በሌላ ቀን ቢሆን ተቀምጠን እንጠብቃት ነበር፤ ካላባረሯት ሩቅ ሳትሄድ ትተኛለች ትላለህ። ያን ቀን ግን ዝናቡ ወረደብን። ሳትሞት ደርሰህ በስመ አብ ብለህ ካላረድካት በክት ናት። አንተ በሸለቆው፣ እኔ በአፋፉ ተከፋፈልን።

ያገኘኋት እኔ ነኝ። ቁጥቋጦ ሥር በጎኗ ተኝታለች፣ ዓይኗ ተከፍቷል። የዝናብ ጠብታ በቀጥታ ዓይኗ ላይ ወደቀ፤ አላርገበገበችም። ሁለተኛ ጠብታ ወደቀ። እንደዚያም ሆኖ ጮኼ ጠራሁህ።

ጭቃው እያንሸራተተህ፣ ቢላዋውን መዝዘህ መጣህ። ከንፈርህ ጠቁሮ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ታስላለህ። «አለች?» አልከኝ።

«አለች፣ ቶሎ በል፣ አሁን ተንፍሳለች» አልኩህ።

ወደ ምሥራቅ አዙረህ፣ በስመ አብ ወወልድ ብለህ አረድካት። ደሙ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ቀና ብለህ አየኸኝ። «ብርዱ ነው ያረጋው» አልኩህ። ቢላዋህን ሣሩ ላይ ጠርገህ ትከሻህ ላይ ተሸከምካት።

እቤት ስንደርስ ልብሴን ላደርቅ እናቴ ማድቤት ገባሁ። ማታ ወጡ ቀረበ። አቦይ፣ «የአማቼ ቀስት አፍ አወጣ!» ብለው በጎረቤቶቻቸው ፊት አወደሱህ። ሁሉም በሉ፤ አንተም በላህ። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ከእሳቱ ዳር ተቀመጥኩ። አንድ ሰው በጎረሰ ቁጥር የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። በጾሙ ዋዜማ ለአባቴና ለባሌ በክት አበላሁ።

ከዚያ ወዲያ አፌን የምከፍትበት ዕድሜ ሙሉ ነበረኝ፤ አልከፈትኩም። አደኑ ተከልክሎ ቀስቱን ስትሰቅል ደስ ያለኝ ለአውሬው አዝኜ እንዳይመስልህ። በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ተኝተህ፣ ዝናቡን በመስኮት እያየህ፣ «ለተይ፣ ያን ሐምሌ ጥሩ ሥጋ አመለጠሽ» አልከኝ። እጄን ይዘህ ነበር። «ሆዴን አሞኝ ነበር» አልኩህ። «እሺ» አልክና ዓይንህን ጨፈንክ። ያን ጊዜም ዋሸሁህ። ሌላ ዕድል አልሰጠኸኝም።

ባለፈው ሰኔ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ከበሉት መካከል በሕይወት ላለው ሄደሽ ንገሪ አሉኝ። የቀሩት አቦይ ብቻ ናቸው። ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ይረግሙኛል ብዬ ነበር።

አቦይ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «አንቺ ቂል! እሷንማ ከጓሮ ቀበርናት። የበላነው የእኔን ግልገል ነው!»

ገና በሩን ሳትገባ ጆሯቸው ላይ ተጠግተህ፣ «አቦይ፣ ደሟ ቀዝቅዟል፣ በክት ናት። ለተብርሃን እንዳትሰማ፤ ከዝናቡ ቶሎ ልታወጣኝ ብላ ነው የዋሸችኝ» አልካቸው አሉ። እሳቸውም እንግዳ ፊት አማቻቸው እንዳያፍር፣ እኔ ልብሴን ሳደርቅ ከጓሮ አንዲት የፍየል ግልገል አረዱ። ቀስትን ሲንቁ የኖሩት እሳቸው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሄድን ቁጥር አቦይ፣ «ፍየሌን መቼ ነው የምትመልሰው?» ይሉሃል፤ ሁለታችሁ በሳቅ ትንፈራፈራላችሁ። እኔ የወንዶች ቀልድ ነው ብዬ ወጥ አማስላለሁ።

መጀመሪያ ቀለለኝ። ወደ መቐለ ስመለስ ግን፣ መኪናው ውስጥ፣ ተናደድኩብህ። ምን ነበረበት ብትነግረኝ? ያን ሁሉ ዓመት ስደበቅ ታየኝ ነበር ማለት ነው። ትርሓስን ብጠይቃት፣ «አባዬ አንቺ ራስሽ እስክትነግሪው እየጠበቀ ነበራ» አለችኝ። ሳስበው እውነቷን ነው። የተመታ አውሬ ማባረር አትወድም ነበር፤ ተቀምጠህ ትጠብቃለህ። እኔንም እንደዚያ ጠበቅከኝ። እኔ ግን አልመጣሁም።

ዛሬ ለቅበላ ትርሓስ የፍየል ሥጋ ገዝታ መጣች። ሆዴን አላመመኝም፤ ጠግቤ በላሁ። ነገ ጾም ነው። ዝናቡ ሲያባራ ቀስቱን አውርጄ እወለውለዋለሁ፤ ጅማቱንም በቅቤ አሸዋለሁ። እጄ እስከሠራ ድረስ በየሐምሌው ይህን አደርጋለሁ፤ ባደረግኩ ቁጥርም ጭቃው እያንሸራተተህ ወደ እኔ ስትሮጥ አይሃለሁ። እንደ ያኔው «አለች?» ብለህ ትጠይቀኛለህ፣ እኔም እመልስልሃለሁ።

የለችም፣ ሙላት። ስደርስ ሞታ ነበር።

ባለቤትህ ለተብርሃን