ጣውላ የምታይበት ዳገት

ውድ አባባ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው። መላጊያውን አስቀምጥና ተቀመጥ፤ የኮላው ቆርቆሮ ላይ ሳይሆን ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ። መነጽርህን የለመድከው ቦታ ካጣኸው ሰጋቱራው ውስጥ ፈልገው። ደብዳቤውን ያመጣልህ አጎቴ አጠገብህ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ ይሆናል። ተወው፣ እሱ ከተወለደ ጀምሮ እንደቸኮለ ነው።

ትናንት መጥተህ ተመርመር ብዬ ስደውልልህ ያልከኝን ታስታውሳለህ። «ደህና ነኝ። የትምህርት ቤቱን በሮች ሳላስረክብ የትም ንቅንቅ አልልም። አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ።» ከዚያ ስልኩን ለእማዬ ሰጠሃት፣ እሷም አንተ አጠገቧ ስለነበርክ «አዎ፣ አዎ» ከማለት በቀር ምንም አልተነፈሰችም። በስልክ አንተን የረታ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። በአካል ብመጣ ደግሞ በቀልድ ሸኝተህ ትመልሰኛለህ። በጽሑፍ የመጣ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ሳታነበው አትጥልም፣ የሚስማር ካርቶን ላይ ያለውን እንኳ ሳይቀር። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ፊደሌ ካስቸገረህ ታገሰኝ። ፈርቻለሁ አባባ።

የነርስነት ትምህርታችን በእንግሊዝኛ እንደሆነ ታውቃለህ። ትናንት ጠዋት መምህራችን ሰሌዳው መሀል አንድ ቃል ጻፉ፤ ፔይን። ሕመም ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለምና ምን ሊሉ ነው ብለን ጠበቅን። «ይህን ቃል ብቻ ብሏችሁ ዝም ያለ በሽተኛ ገና ምንም አልነገራችሁም» አሉ። «እስቲ የቃሉን ዘመዶች ጥሩልኝ።»

እኛም ያለንን አዋጣን። ኤክ አለ፤ ድምፁን አጥፍቶ የሚከርመው ነው፣ እንደ ወገብና እንደ ጥርስ። ሶር የሚባለው ሲነኩት ብሶ የሚያምመው ነው። ስቲንግ የሚሉት ይቆጠቁጣል፣ ክራምፕ ደግሞ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ስሮብ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ተከፈለ። አንዷ «ይህማ ውጋት ነው» ስትል ሌላዋ «የለም ፍልጠት ነው» አለች፣ በመጨረሻ ጥዝጣዜ በሚለው ታረቅን። መምህራችን እየሳቁ ሌላም ጨመሩልን። ለካ ሰው የሚያሰለች ሰውንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል፣ የአንገት ሕመም ይሉታል። እኔ አጎቴን አሰብኩ (ይህን ጮክ ብለህ አታንብበው)። ተጠንቅቆና ለፍቶ የሚሠራንም ሰው በዚሁ ቃል ያነሱታል አሉን። ያን ጊዜ ደግሞ አንተን አሰብኩ፤ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየውን የመሳቢያ ሆድ በብርጭቆ ወረቀት ስታሽ።

«ሰፊ ቃል ነው» አሉ መምህራችን። «ሰው ደግሞ ሰፊ ቃል ውስጥ መደበቅ ይወዳል።»

ከዚያ ልምምድ መጣ። አንዱ በሽተኛ ሆኖ ሕመሙን ይደብቃል፣ ሌላው ነርስ ሆኖ ያወጣጣዋል። በሽተኛነቱ ለእኔ ደረሰኝ፤ ነርሷ ራሳቸው መምህራችን ሆኑ። ማንን ልሁን ብዬ አላሰብኩም። የሜትሩን ጫፍ ይዤልህ ስለምዞር «ሜትር» ብለህ ስም ካወጣህልኝ ቀን ጀምሮ አካሄድህን አጥንቼዋለሁ። ጥግ የቆመውን መወልወያ አንስቼ እንደ ጣውላ ትከሻዬ ላይ አጋደምኩና ጉሮሮዬን ጠርጌ ገባሁ።

«እንዴት ነዎት አባት?»

«እኔማ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ናት የላከችኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህራችንም ፈገግ አሉ። «ደረትዎን ለምን ያሻሉ ታዲያ?»

«ጨጓራ ናት እባክዎ። ትንሽ ጭብጥ ታደርገኝና ትለቀኛለች።»

«ጭብጥ እንዴት ነው?»

«እንደ ሞርሳ ነዋ። እንጨት ጨብጦ እንደሚይዘው ብረት።»

«ሌላስ የሚሰማዎት ነገር አለ?»

«አገጬን ያመኝና ጥርሴ ነው ብዬ አስነቀልኩት። ምቀኛ ነው መሰለኝ፣ ከተነቀለም በኋላ ያመኛል። ግራ እጄን ያደነዘዘኝ እንኳ ተኝቼበት ነው።»

ተማሪዎቹ ከወለሉ ላይ መነሳት አቃታቸው፣ እንዲያ ነው የሳቁት። ቤት ስትለው እኛም እንዲሁ እንስቅ የለ። መምህራችን ግን «እስቲ ይራመዱልኝ» አሉ። በወንበሮቹ መሀል፣ ከእንጨት መጋዘኑ ወደ ሱቅህ እንደምትወጣው አድርጌ ወጣሁ። መሀል ላይ ቆምኩ። መወልወያውን ከትከሻዬ አውርጄ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በጫፉ በኩል አነጣጠርኩ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ጣውላው ቀጥ ማለቱን እያየሁ ነዋ!»

«ሁልጊዜ ነው የሚያዩት?»

«ሁልጊዜ። አንዳንዴም ሁለት ሦስቴ። ያላየሁትን ጣውላ ሱቄ አላስገባም።»

ሁሉም ሳቁ። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መንገዱ ዳገት ነው?»

«አዎ፣ ከመጋዘኑ ወደ ላይ ነው።»

«ቁልቁል ይዘው ሲወርዱስ? ያን ጊዜም ቆመው ያያሉ?»

አባባ፣ የተጣመመ ጣውላ ልትመልስ ስትወርድ አስታወስኩህ፤ እያፏጨህ፣ ሰላምታውን ግራና ቀኝ እየበተንክ። አንድም ቀን ቆመህ አይተህ አታውቅም። ዓይንህን የምትጨፍነው ዳገቱ ላይ ብቻ ነው።

መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። መምህራችን «እርስዎ» ማለታቸውን ትተው «ይህ ሰው ማን ነው?» አሉኝ።

«አባቴ ነው።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ሥራ ላይ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ኮሪደሩ ላይ ወስደው ቀስ ብለው አስረዱኝ። የልብ ደም መሄጃ ሲጠብ ዳገት ላይ ይጨብጣል፣ ሲያርፉ ይለቃል፤ አገጭ ላይና ክንድ ላይም ይወጣል፤ ሰው ጥርሱንና ጨጓራውን ይከሳል። «ሳላያቸው እርግጠኛ ነኝ አልልሽም» አሉ። «ጥርሳቸውም ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ቀን ጨብጦ ላይለቅ ይችላልና ሳይውል ሳያድር ይምጡ።» ከዚያች ሰዓት ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀልቤ ይገፈፋል። የጎረቤቴ ስልክ ቢሆንም ያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንደ እሾህ ተሰንቅሮብኛል። ታውቀው ነበር? ጣውላውን ወደ ዓይንህ ስታነሳ እኛን ነበር የምታታልለው ወይስ ራስህን? እንዳንጨነቅ ብለህ ከሆነ፣ ጭንቀቱ ይኸው ዞሮ ዞሮ መጣ፣ ያውም ከነወለዱ። እርጥብ እንጨት ቀለም ቀብቶ ለሚያመጣብህ ነጋዴ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምትለው አንተ አይደለህም? ለእንጨት የምታውቀውን ለደረትህ ማን ከለከለህ? ተቆጣሁ መሰለኝ። ይቅርታ። ቁጣ አይደለም፣ አንተ የሌለህበት ሱቅ ምን እንደሚመስል ስለመጣብኝ ነው። መላጊያው ባለበት፣ እርሳሱ ባለበት፣ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ «አሉ?» ሲል።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። የትምህርት ቤቱ በሮች ይቆዩ፤ ልጆቹ በር በሌለው ክፍል ቢማሩ ደስታቸው ነው። ከአጎቴ ጋር ልመጣ ነበር፣ መምህራችን ግን እዚሁ ቆይቼ ሐኪሙን እንዳዘጋጅልህ ነገሩኝ፤ መመርመሪያውም ያለው እዚህ የምንማርበት ሆስፒታል ነው። አጎቴን በእናቱ አስምዬዋለሁ፣ ለአንድ ቀን ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን አስታውሶ ይነዳል። መንገድ ላይ ቢጨብጥህ ንገረው፣ የትኛው ክሊኒክ ጋ እንደሚያቆም ያውቃል። «ምንም አልሆንኩም» ብለህ በመስኮት ውጭ ውጭውን እንዳታይ። እማዬንም አስከትላት፣ ሱቁን መቆለፍ አያቅታትም።

ሐኪሙ «ምን ይሰማዎታል?» ሲልህ ደህና ነኝ አትበል። ጨጓራንም ጥርስንም አታንሳ። ለእኛ በቀልድ የምትለውን ለሱ በቁም ነገር በለው፤ ዳገት ላይ ይጨብጠኛል፣ እንደ ሞርሳ። ይበቃል። ወደ እንግሊዝኛ መመለሱን ለእኔ ተወው።

አሁን ተነስ። ቀስ ብለህ። መኪናው ታች መንገዱ ላይ ነው፣ ቁልቁለት ስለሆነ ማፏጨት ትችላለህ። እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይዤ እጠብቅሃለሁ። ከበሩ እስከ ምርመራ ክፍሉ ዳገት ነው። «እኔ ሽማግሌ ነኝ ወይ?» ብለህ ወንበሩን እንቢ እንደምትል አውቃለሁ፤ ለምኜህ እንቢ ካልክ አብረን ቀስ ብለን እንወጣለን። መሀል ላይ መቆም ካስፈለገህ ቁም። እኔም አብሬህ እቆማለሁ። ጣውላ መያዝ አያስፈልግህም።

ጫፉን ይዤ የምጠብቅህ፣
ሜትርህ