በሁዳዴ የጠጣሁት ወተት

አለሜ፣

በሰው ፊት «መምሬ»፣ «አንቱ» ስልህ ኖሬ፣ አለሜ የምልህ በራችን ሲዘጋ ብቻ ነበር። አሁን ማንን ልፈር? ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ሁዳዴ ገባ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና በጽሕፈቴ አትሳቅ። ደብዳቤውን ሰው ቢያነበውም ያንብበው፤ መደበቁ ታክቶኛል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ክረምት ላይ ነፋስ የገነጠለው ቆርቆሮ ተመትቷል። ስትሄድ ጊደር የነበረችው ቡሬ ዘንድሮ ወልዳ እየታለበች ነው። ልጃችን ትርንጎ እኔን ልታስታምም ከባሏ ቤት መጥታ አብራኝ ናት። የኔ ነገር እንዲህ ሆነ፤ ተዝካርህን ካወጣሁ በኋላ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ካንሰር ነው አሉኝ። ቆርጠው አወጡልኝ፣ ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን በደም ሥሬ ሊሰጡኝ ደሴ ስመላለስ ይኸው ዓመት አለፈኝ። ትርንጎ ስሙን መጥራት ትፈራለች፤ «ያ ነገር» ነው የምትለው።

ታዲያ ሁሉም ስቃይ እንዳይመስልህ። እንዲያውም የሚያሳፍረኝ ደስ የሚለኝ ነገር መብዛቱ ነው። መኪና ላይ በመስኮት በኩል ካልተቀመጥኩ ብዬ እንደ ልጅ እከራከራለሁ። ወልድያ ስንደርስ ትርንጎ ብርቱካን ትገዛልኛለች፤ ማቅለሽለሹን ስለሚያስታግስልኝ ልጣጩን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ደሴ እገባለሁ። ረግፎ የነበረው ጸጉሬም መድኃኒቱን ከቀየሩልኝ ወዲህ እንደገና በቅሏል፤ እንደ ግልገል ጠጉር ልስልስ ያለ ነው። ሻሼን አውልቄ፣ ማንም ሳያየኝ እደባብሰዋለሁ። የቄስ ሚስት፣ ያውም ባሏ የሞተባት፣ መስታወት ፊት ቆማ ጸጉሯን ስትዳብስ አስበው።

ወተቱ ግን ከሁሉም ባሰ።

ጾሙ ሲገባ እንደ ወትሮዬ ያዝኩ። መድኃኒቱ አፌን አበላሽቶት ሽሮውም ምስሩም ብረት ብረት ይለኛል፤ ትንሽ ቀማምሼ እተወዋለሁ። ደሴ ስሄድ ሐኪሙ ደሜ ማነሱን አይቶ መድኃኒቱን ሳይሰጠኝ መለሰኝ። ወተትና እንቁላል ካልወሰድኩ፣ ሰውነቴም ካልበረታ ሕክምናውን መቀጠል እንደማይችል ነገረኝ። ትርንጎ መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ መጣች። ቤት እንደደረስን እኔን ሳታማክር የንስሐ አባቴን ይዛ ከተፍ አለች። መምሬ ፍሥሐ ናቸው፣ ያ ድምፀ መልካሙ ተማሪህ፤ አሁን እኔም አንቱ ነው የምላቸው። በሽተኛ አይጾምም ብለው አዘዙኝ። እምቢ ብል እሺ እስክል ከደጄ እንደማይነሱ ነገሩኝ፤ እውነትም አልተነሱም።

ከዚያ ወዲያ ትርንጎ ጠዋት ጠዋት ወተቱን አፍልታ ታመጣለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ እኔም እጠጣለሁ። የመጀመሪያ ቀን በእንባዬ ነው የዋጥኩት፤ አንተ ፊቴ ላይ ድቅን አልክብኝ። በመጨረሻው ሁዳዴህ ሆድህ እህል አልይዝ ብሎ ወተት ሳመጣልህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ጾምህን ሳትገድፍ ሄድክ። በተዝካርህ ይህንን ለመጣው ሰው ሁሉ ሳወራ አንገቴ ቀጥ ብሎ ነበር። ዛሬ ያንን አንገቴን የት ልድፋው?

ሲውል ሲያድር ደግሞ ወተቱ ይጣፍጠኝ ጀመር። ብረት ብረት የማይለኝ እሱ ብቻ ነው። ትርንጎ ቡሬን ስታልብ ድምፁን እየሰማሁ ምራቄን እውጣለሁ፤ ጥቂት ከዘገየች እቆጣለሁ። አዬ ጉድ፣ አገሩ ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ ሳይቀምስ ይውላል፣ እኔ በማለዳ በወተት ልጄን እጣላለሁ። ጨነቀኝና መምሬ ፍሥሐ ዘንድ ሄድኩ። ኃጢአቴ መጠጣቴ ሳይሆን መጣፈጡ ነው ብላቸው ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ታዲያ ኮሶ ይጨመርበት?» አሉኝ።

አንተ ራስህ ለስንት አራስ፣ ለስንት በሽተኛ ወተት እንዳዘዝክም አስታወሱኝ። እውነት ነው፣ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም አልተጽናናሁም።

አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤታችን እማሆይ ጥዑም እንደ ልማዳቸው ሊጠይቁኝ መጡ። ትርንጎ በሩን ገርበብ አድርጋ ነበርና ሳልሰማቸው ገቡ። ኩባያውን ነጠላዬ ሥር ደበቅኩት። እጄ ከመድኃኒቱ ወዲህ ይደነዝዛል፤ ኩባያው መዝመሙን እንኳ አላወቅኩም። ወተቱ በጭኔ ላይ ፈስሶ መደቡን አራሰው፣ ከመደቡም ጠብ ጠብ ይል ጀመር። እኔ ስለ በልግ ዝናቡ አወራለሁ፣ እማሆይም ስለ በልግ ዝናቡ ያወራሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብዙም ሳይቆዩ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ።

«ልብስሽን ለውጪ፣ ይበርድሻል» አሉኝና በሩን ቀስ አድርገው ዘግተውልኝ ወጡ።

ያለቀስኩት በሩን ስለዘጉልኝ ነው። የማፍረውን ነገር ሊሸፍኑልኝ አብረውኝ ተደበቁ፤ እንደሳቸው ያሉ መናኝ።

ያን ቀን ባንተ ተናደድኩ። ለሌላው የፈቀድከውን ለራስህ ምነው ከለከልክ? ያቺን ወተት ብትጠጣት ኖሮ ምናልባት ዛሬም፣ እንጃ፣ እሱ ፈጣሪ ያውቃል። ከሞተ ሰው ጋር መጣላቴም ያሳፍረኛል። ግን ካንተ ምን እደብቃለሁ? መኖር እፈልጋለሁ፣ አለሜ። ይህንን መጻፍ ከወተቱም ይብሳል። አንተ ከአፈር በታች ሆነህ እኔ ብርቱካን እያሸተትኩ፣ ገና የበቀለ ጸጉሬን እየደባበስኩ፣ ቡሬ ምን ያህል ታለበች እያልኩ መኖር አማረኝ።

ዛሬ ጠዋት ትርንጎ ወተቱን አቀብላኝ በሩን ልትዘጋ ስትል ተይው አልኳት። ኩባያዬን ይዤ ደጃፋችን ላይ፣ አንተ ዳዊትህን የምትደግምባት ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ ልሞቅ ወጣሁ። ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ሰዓት ነበር። የሚያልፈው ሁሉ እግዜር ይማርሽ ይለኛል፤ አንዳንዱ ኩባያውን ሲያይ ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። ፊቴ በእፍረት ነደደ። እጄም እንዳይከዳኝ በሁለቱም አጥብቄ ያዝኩት፣ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ደሜ ከሞላልኝ መድኃኒቱን ይቀጥሉልኛል።

ሙት ዓመትህን አልረሳም፣ እስካለሁ ድረስ ስምህ ከጸሎቴ አይጎድልም። የግድግዳውን ወሬ ግን ከእንግዲህ ለሰው አላወራም። እኔ የማስታውስህ በፋሲካ ጠዋት ነው። ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ቀድሰህ ስትመለስ ጥምጥምህን እንኳ ሳትፈታ ወተት አምጪ ትለኛለህ። ቆመህ ትጠጣዋለህ። ጺምህ ላይ የቀረውን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግልህ ዓይንህን ጨፍነህ ዝም ትላለህ፣ ቶሎ እንዳልጨርስ።

አንተም እኮ ይጣፍጥህ ነበር፣ አለሜ።