ዑማን በላቸው

ለምወድሽ እህቴ ለሁመይራ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እናታችን ከነዱዓዋ፣ ላሟ ከነጥጃዋ ደህና ናቸው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ እዚሁ ሳዑዲ፣ ደማም ዓሣ ተራ እንደተገተርኩ ነው።

ሻዕም የሚሉት ዓሣ ከዚህ ባሕር እያለቀ ነው። ዘንድሮ ከዑማንና ከየመን በበረዶ መኪና ይመጣል፤ የየመኑ ሰብቷል። የሻጢእ ሰፈር ማዳሞች ግን «እሱ የሰጠመ ሐበሻ የበላ ነው፣ ማፊ፣ አንፈልግም!» እያሉ ይስቃሉ። አሠሪዬ ካፊሌ የየመኑንም «ዑማን በላቸው፣ ኸላስ» ስላለኝ ቀኑን ሙሉ «ዑማን! ዑማን!» ስል ድምፄ ተዘጋ።

ባለፈው ጁምዓ ከየመኑ ሣጥን ውስጥ፣ ከመረብ ቁራጭ ጋር የተጠላለፈ ቢጫ የሸሚዝ እጅጌ ወጣ። ካፊሌ «ቢላዋህን ጥረግበት» ብሎ ወረወረልኝ። እኔ በሱሪዬ ነው የምጠርገው።

ታናሻችን ሙዐዝ ከረመዳን በፊት «ዛሬ ወደ የመን ጀልባ ልንሳፈር ነው» ብሎ ከጅቡቲ፣ ከኦቦክ ደውሎልኝ ነበር። ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል፤ እሱ መቼ ዕቃ ይይዛል!

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን ትቼላችሁ የመጣሁትን ቢጫ ሸሚዜን ለብሶት ነው የሄደው ወይስ እቤት አለ? እቤት ካለ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ከሌለ ግን ምንም አትጻፊልኝ። እናታችንንም «ነጅሙዲን ሰላም ብሎሻል» ብቻ በያት።

አላህ ይጠብቃችሁ።
ወንድምሽ ነጅሙዲን