የአክስቴን ግድግዳ ስለ በላው እሳትና ስለ ክቡርነትዎ ጠረጴዛ

ለተከበሩ የሕንፃዎች ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት ወንበር

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ እንቅልፍዎም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ምላሽ ረጅም ይሁንልዎ እያልኩ፣ እኔ በሦስተኛው ሕንፃ ምድር ቤት ከአክስቴ ጋር የምኖር፣ ትምህርቴንም ከዘጠነኛ ክፍል በስምምነት (ርዕሰ መምህሩ ተስማምተው) ያቆምኩ ወጣት፣ ይህን ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት እጽፍልዎታለሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ላሳጣ ብዬ ሳይሆን፣ በመዝገብ ቤት በኩል የገባ ደብዳቤ በሕይወት ሲወጣ ያየ ሰው ስላላገኘሁ ነው።

አስቀድሜ ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት በቢሮዎ በር ላይ «ኃላፊው ሥራ ላይ ናቸው» የሚል ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል ብዬ አላሰብኩም ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚህ ጠባዬ የተነሣ ባለፈው ሰኞ ከቤታችን ጭስ ሲወጣ፣ የግቢው ዘበኛ ሮጦ መጥቶ መጀመሪያ ያነቀው እሳቱን ሳይሆን እኔን ነው። አክስቴም ብትሆን «ደግሞ ምን አመጣህብኝ፣ አንተ መዓት» ከማለት አልተመለሰችም። እኔ ግን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላደረግኩም ነበር። ያደረጉት ክቡርነትዎ ነዎት፤ ማዕረጌን ስለተረከቡኝ እንኳን ደስ አለዎት።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ከዕቃ ማጠቢያችን ሥር ያለው የመዳብ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ያፈስስ ነበር። ይህን እንዲበይዱ የተላኩት በጽሕፈት ቤትዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩት፣ የግቢው ልጆች በፍቅርም በተንኮልም ጋሽ ጠብታ የምንላቸው ባለሙያ ናቸው። መጋጠሚያው ከቺፕውድ ግድግዳችን ሁለት ጣት አይርቅም። በጋዝ እሳት ሲበየድ ግድግዳው ተያያዘ፤ ጋሽ ጠብታም የሚነድደውን ቺፕውድ በባዶ እጃቸው ገንጥለው ደጅ ጣሉት። ቤታችን ተረፈ፣ መዳፋቸው ተላጠ። ጽሕፈት ቤትዎም ለዚህ ውለታ «በዙሪያው ያለውን ነገር ከሙቀት ባለመከላከላቸው» ብሎ ከሥራ አገዳቸው፤ ሐሙስ ደግሞ እርስዎ የሚመሩት ኮሚቴ ሊያሰናብታቸው ነው። እንግዲህ አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ ውሃው። ቧንቧ ሲበየድ ባዶ መሆን እንዳለበት እኔም አሁን ተምሬያለሁና ውሃውን ስላዘጉልን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ለማንም ሳይነገር ከንጋት ጀምሮ የሕንፃው ውሃ በሙሉ ስለተዘጋ፣ ጋሽ ጠብታ ገና እንደገቡ አክስቴን «እመቤት፣ ግድግዳውን ላርጥበው፤ አንድ ባልዲ ውሃም አጠገቤ ይቀመጥልኝ» ቢሏት፣ ቧንቧው ሁለቴ ስሎ ዝም አለ። በቤታችን የነበረው እርጥብ ነገር በፔርሙስ የቀረ ግማሽ ሻይ ብቻ ነው። ጋሽ ጠብታም ነገ ውሃ ሲኖር ልመለስ ብለው ወደ ቢሮ ቢደውሉ፣ «ዛሬ ሳትጨርስ ብትመለስ ከሥራ እንደቀረህ ይቆጠራል» ተባሉ። ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያወራ ትእዛዙን አክስቴም፣ እኔም፣ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችንም ሰምተናል። ድምፅዎ ያምራል።

2ኛ. ስለ ጨርቁ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» አሉ። ጋሽ ጠብታ ቅጠሉን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀዋል። ቅጠሉም በነበልባሉና በግድግዳው መካከል የሚጋረድ፣ እሳት የማይበላው ጨርቅ ነው። ሦስት ጊዜም «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ አግኝተዋል። ሂደቱ የት እንደደረሰ ባለማወቃቸው፣ የአክስቴን የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ከፊት፣ በሻይ የራሰ ፎጣ ከኋላ አድርገው ጋረዱት። ፎጣው ወዲያው ደረቀ። ክዳኑ ቀላ። በዚህ ጉዳይ ሁሉ ውስጥ ከኃፍረት የተነሣ የቀላ እርሱ ብቻ ነው።

3ኛ. ስለ ግድግዳችን ጥፋት። ማክሰኞ ለአክስቴ በደረሳት ማስጠንቀቂያ «ነዋሪዋ ተቀጣጣይ ግድግዳ ከቧንቧው አጠገብ በማኖራቸው» ይላል። ግድግዳውን ያቆመውም ቧንቧውን የዘረጋውም የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ቢሆንም፣ አክስቴ ሰው አክባሪ ስለሆነች ግድግዳውን ቆጥታዋለች።

4ኛ. ይህን ብጽፈው ውሸታም ያሰኘኛል ብዬ እስከ ማታ ተጨንቄያለሁ። ረቡዕ ጠዋት የነዋሪዎችን ፊርማ ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። እርስዎ አልነበሩም፤ (ያኔ የለጠፍኩትን ወረቀት ናፈቅኩት።) ጸሐፊዎ ቁጭ በል ብላኝ ስጠብቅ፣ አዲሱ ጠረጴዛዎ ላይ የሻይ ውሃ ማፍያው ተቀምጦ ይንፈቀፈቃል። ከሥሩ ወፈር ያለ፣ ግራጫ፣ ጠርዙ በቀይ ክር የተሰፋ ጨርቅ ተነጥፏል፤ በጥጉም «ለቧንቧ ብየዳ» የሚል የንብረት ክፍል ምልክት ተለጥፎበታል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃት፣ የዋህ ናትና በኩራት «ጠረጴዛው እንዳይሞቅ ነው፤ እንዴት ያለ ጨርቅ መሰለህ፣ እሳት አይበላውም እኮ» አለችኝ።

አላምንም እንዳይሉኝ እጄን ጨርቁ ላይ አሳርፌ አይቻለሁ፤ ከላይ ይፋጃል፣ ከሥሩ ጠረጴዛው ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ ያለ ግሩም ዕቃ መርጠው ስለያዙ ባለሙያነትዎን አደንቃለሁ። በዙሪያው ያለውን ነገር ከሙቀት መከላከልን በዚህ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በትክክል የፈጸሙት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ሐሙስ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሽልማት ቢጤ ለራስዎ ቢወስኑ ማንም አይቃወምም።

ለሁለት መስመር ያህል ቀልዴን ልተው። ጋሽ ጠብታን እኔ ስንት ዓመት ስቀልድባቸው፣ የመሣሪያ ቦርሳቸውን ስደብቅባቸው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰኞ ዕለት ያ የተላጠ እጃቸው ባይኖር አክስቴ ዛሬ የምትተኛበት አልነበራትም። እሳቸውን ማባረር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው፤ ዳውላው ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት እርስዎን ተሸክሞ ኖሯል።

ስለዚህ በትሕትና የምንለምነው ጥቂት ነገር ነው። እገዳው ይነሣ፣ ጨርቁ ከማፍያው ሥር ወጥቶ ወደ ጋሽ ጠብታ ቦርሳ ይግባ፣ ወደፊትም ውሃ ከመዘጋቱ በፊት ባልዲ እንድንሞላ ይነገረን። ከዚህ በታች የአርባ አንድ ነዋሪዎች ፊርማ ይገኛል። ሁሉም እውነተኛ ነው፤ እኔ የፈረምኩት አንዱን ብቻ ነው።

የሥራ ዘመንዎ እንዲረዝም ሳይሆን እንዲጀመር ከልብ በመመኘት፣ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዝቅ እንዳልኩም ከጠረጴዛዎ ሥር ያለውን ሁሉ እያየሁ፣

የሦስተኛው ሕንፃ ቋሚ ተጠርጣሪ

ማስታወሻ፦ ከክቡርነትዎ ወንበር በስተጀርባ ያለው ቧንቧም ማንጠባጠብ እንደጀመረ ረቡዕ ዕለት ልብ ብያለሁ። ጋሽ ጠብታ ሐሙስ የሚሰናበቱ ከሆነ የሚበይድልዎ ሰው እንዳያጡ፣ ዓርብ ጠዋት እኔው በነፃ መጥቼ ልበይድልዎ ወስኛለሁ። ሙያውን አንድ ጊዜ ቆሜ በማየት ተምሬያለሁ፣ የጋዝ እሳትም ተውሻለሁ። ክቡርነትዎ ከወንበርዎ መነሣት አይጠበቅብዎትም፤ ብቻ ሳሳ ያለ ልብስ ለብሰው ይምጡ፣ ሳይሞቅ አይቀርም።