የእትዬ የግራዋ ማር

ለጌታሁን፣ ለልጄ አባት፤

አንተና እኔ ካወራን ሁለት ዓመት ሞላን። ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጀምር መልሱ ከየት ይመጣልኛል? ስለዚህ የእኛን ልንገርህ። ደህና ነን። ሮቤም እንዳለች ናት፤ ብርዱም፣ ነፋሱም፣ ስንዴ የጫነው መኪናም እንደተውከው ነው። ልጃችን ሰላም ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሚኒባስህ ተሸጠች፤ አሁንም ሮቤና ጎባ ትመላለሳለች፣ መንገድ ላይ ሳያት ፊቴን አዞራለሁ። ታቆማት የነበረበትን ግቢ ቆፍሬ ጎመን ተከልኩበት። አምሮልኛል። ዘይት ታንጠባጥብበት የነበረው ክብ ቦታ ላይ ብቻ ምንም አልበቅል አለ። አፈሩን ቀይሪው ይሉኛል። እኔ ግን ትቼዋለሁ፤ እዚያች ጋ ስደርስ መኮትኮቻዬን አነሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስኳር እኔም ላይ ተገኘ። እንዳትደነግጥ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ዓይኔን ልታይ ሄጄ ነው የነገሩኝ። ነርሷ ከጎጃም የመጣች ልጅ ናት። የሚበላና የማይበላ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችኝ፤ ዓሣ ይላል፣ አቮካዶ ይላል፣ የማላውቀውም አለበት። “ልጄ፣ እኔ እኮ የሮቤ ሰው ነኝ፤ ዓሣ ከየት ላምጣ?” አልኳት። ሳቀችና ወረቀቱን ገለበጠችው። “እሺ እናቴ፣ ቤትዎ ያለውን ይንገሩኝ” አለች። ገብስ አለ፣ ባቄላና አተር አለ፣ ምስር አለ፣ አጃ አለ፣ ጎመን አለ፣ እርጎም አይጠፋም አልኳት። “ታዲያ ምን ጎደለ!” ብላ በጀርባው ሁሉንም ጻፈችልኝ።

አሁን ገበታ ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ ጎመኑንና ባቄላውን እበላለሁ፣ እንጀራው ከኋላ ይመጣል፣ እሱም በልኩ። የስንዴ ዱቄቴን በወንፊት መንፋት ትቻለሁ፤ አንተ ሳቅህን ትለቀው ነበር፣ ለከብት የምንሰጠውን ፉርሽካ ከነዳቦው ስበላ ብታየኝ። ሻዬን በቀረፋ ብቻ እጠጣለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሣር የቀቀልኩ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሰው ቤት ስኳር ያለበት ሲሰጡኝ ይከብደኛል። አጥሚቱም ያለ ስኳር ነው። በመሃል ሲርበኝ አንድ እፍኝ ቆሎ እቆረጥማለሁ፤ ብስኩቱን ለእንግዳ ትቼዋለሁ።

በሶውን ግን ሆን ብዬ ወደ ኋላ አስቀረሁት። ልጽፍልህ የተነሳሁት በእሱ ምክንያት ነው።

ትዝ ይልሃል፣ ስኳር አለብህ የተባልክ ሰሞን? እህትህ እትዬ ዘውዴ ከአንገቱ ከተማ ድረስ በጭነት መኪና ጋቢና መጥተው አንድ ጀሪካን ማር አስቀመጡልህ። “ግራዋ ሲያብብ የተቆረጠ ነው። ቅመሰው፣ መረር ይላል። መራራ ነገር ደግሞ ስኳርን ይቆርጣል” አሉ። ቀመስነው፤ እውነትም ጉሮሮ ላይ መረር አለ። አመንን። ኮሶ መራራ፣ እሬት መራራ፤ እኛ አገር መድኃኒት ሆኖ የጣፈጠ ምን አለ? ሻይህን ያለ ስኳር አደረግንልህ፣ በሶህን ግን በማር። ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ። ማንኪያውን ሞልቼ የማማስለው እኔ ነበርኩ። ማሩን በጠጣህ ቀን “ሁለት መድኃኒት ይከብደኛል” ትልና ክኒኑን ትተወዋለህ፤ እኔም ልክ ነው እላለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ እግርህ፣ ከዚያ ኩላሊትህ። የቀረውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ባለፈው ሰኔ ሰላም ጣት ወግታ የምትለካ ማሽን አመጣችልኝ። አንድ ጠዋት በሶዬን ባንተው ደንብ በማር በጥብጬ ጠጣሁና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካሁ። ቁጥሩ አሻቀበ። በማግስቱ ያንኑ በሶ፣ በዚያው ብርጭቆ፣ በውሃ ብቻ ጠጥቼ ለካሁ። ያን ያህል አልወጣም። ማሽኗ ተበላሽታ ይሆናል ብዬ በሦስተኛው ቀን በማር ደገምኩት። እንደገና አሻቀበ። ማሽኗ ምንም አልሆነችም። ማንኪያው እጄ ላይ እንዳለ ዱካው ላይ ቁጭ አልኩ፤ የተጣደው ወጥ አርሮ እስኪሸተኝ ድረስ አልተነሳሁም።

ለእትዬ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ ልንገራቸው? ወንድምዎን የጎዳው ማርዎ ነው ልበል? አሁን ደግሞ ለእኔ ብለው መላክ ጀምረው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ፣ ጀሪካኑን አልጋ ስር እገፋዋለሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ለሁለተኛው ሙት ዓመትህ መጡ፣ እንደ ልማዳቸው ማር ይዘው። ከስተዋል፤ ነጠላው ትከሻቸው ላይ አልረጋ ብሏል። የቀረበላቸውን የጆግ ውሃ ብቻቸውን ጨረሱት። ደጅ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። “ምነው እትዬ፣ አመመዎት?” ብላቸው “ሰው ስኳር ነው ይለኛል። እኔ እንደሁ ማሬን ጠዋት ማታ እየላስኩ ነው፣ ምን እሆናለሁ!” አሉኝ። ክው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ግቢ ተቀምጠን ጎመን ስንቀነጥስ ማሽኗን አወጣሁ።

“እትዬ፣ እስቲ ጣትዎን።”

“ምን ልታደርጊኝ?”

“ትንኝ ነው፣ እንደ ትንኝ ነው የምትነክሰው።”

ቁጥሩን አሳየኋቸው። ብዙ ነው ወይ አሉ። ብዙ ነው አልኩ። “ታዲያ ማሩስ?” ሲሉኝ ሦስቱን ጠዋት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የያዙትን ጎመን ጉልበታቸው ላይ ጣሉት።

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“ሰኔ።”

“ዛሬ ጥቅምት ነው።”

“አዎ።”

“አራት ወር ሙሉ ማሩን ስልስ ዝም አልሽኝ?”

 ይከፋዎታል ብዬ ነው ብል፣ ከሞት መከፋት ይሻል ነበር ይሉኛል። ልክም ናቸው። ቀስ ብለው “ጌታሁንንስ?” አሉ። “የበጠበጥኩት እኔ ነኝ” አልኩ። “የላክሁት እኔ ነኝ” አሉ።  ጎመኑ ተቀንጥሶ እስኪያልቅ አለቀስንና ተነስተን ጤና ጣቢያ ሄድን።

ነርሷ ሁሉንም ሰማች። ማሩ ብቻውን አይደለም፣ ክኒኑን መዝለሉም አለ፣ መንገድ ላይ የሚጠጣው ለስላሳም አለ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ መቀመጡም አለ አለችን። “ግን እናቶቼ፣ ማር መረረም ጣፈጠም ስኳር ነው።” ለእትዬም እኔ የምወስደውን መድኃኒት አዘዘችላቸው። ስንወጣ ጠርታን “ይሄን መድኃኒት ወስደው ድንገት ካላበዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ስኳሩ ወርዶ ነው፤ ያን ጊዜ ቶሎ አንድ ማንኪያ ማር ይላሱና ወደ ሕክምና ይምጡ” አለቻቸው። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። “ሰማሽ? መድኃኒት ነው ብዬሽ አልነበር!” ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

ጀሪካኑ ለሙት ዓመትህ ብርዝ ሆነ። እትዬ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው “ስኳር ያለበት ሰው በውሃ!” ብለው ቢጮሁ ግማሹ እንግዳ ወደ ውሃው ጆግ ዞረ። ለካ ብዙ ነን።

አሁን በየቅዳሜው ከአንገቱ ይደውላሉ። “አካም ቡልቴ?” ይሉና ደህና አደርኩ ሳልል “ምን በላሽ?” ይከተላል። እናገራለሁ፤ እሳቸውም ይናገራሉ። አንዳችን ከዋሸን በድምፃችን እንተዋወቃለን።

ጌታሁን፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነበር የጀመርኩት። ግን አውቅሃለሁ፤ “ሴትዮ፣ እኔም እኮ ጣፍጦኝ ነው የጠጣሁት” ትለኛለህ። ስለዚህ ያደረግሁትን ልንገርህና ላብቃ። አልጋው ስር ሳጸዳ ሳትጨርሳቸው የተውካቸውን ሁለት የክኒን ብልቃጦች አገኘሁ። ክኒኑን ለነርሷ መለስኩ፣ ብልቃጦቹን በፈላ ውሃ አጥቤ ከዚያው ማር ሞላሁባቸው። አንዱን ለእትዬ ላክሁ፣ አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እጄ የተንቀጠቀጠ ቀን እንጂ አልከፍተውም። የፋርማሲው ልጅ በእስክሪብቶ የጻፈው ስምህ እንዳይለቅ በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ገበያም ስሄድ፣ ቤተ ክርስቲያንም ስሄድ አብሮኝ ነው። እኔ እስካለሁ ድረስ ያ ስም አይጠፋም።

ያንተው ወርቄ